መልስ፦ በ1፡24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ ባነሰ) ሞዴል መኪና ላይ የሚበራ መብራት ስለ መግጠም

ጤና ይስጥልኝ። የላንድክሩዘር ሞዴልዎ የፊት መብራት ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር እንደተገናኘ ለምን እንደተቃጠለ ጠይቀዋል። ነጭ ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጠው ትንሽ አምፖል) የሚፈልገው 3 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በመካከሉ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ካልገባ ከመጠን በላይ ከረንት ያልፍበትና ወዲያው ይቃጠላል። ከ9 ላይ 3 ሲቀነስ የሚቀረው 6 ቮልት በኤልኢዲው ለሚያልፈው 0.02 አምፔር ከረንት ሲካፈል የ300 ኦም ሬዚስተር ይሰጣል፤ እኔ ግን 470 ኦም እመርጣለሁ፤ ብርሃኑ ለስለስ ስለሚል ለትንሽ መኪና ያምርበታል። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሬዚስተሩን ከአሮጌ ቦርድ ላይ ነቅሎ ሰጥቶኛል፤ የ470 ኦም ምልክት የሆኑት ቢጫ፣ ወይን ጠጅና ቡናማ ቀለበቶች ያሉበትን ይፈልጉ።

የመብራቱን ቤት ከውስጥ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያም ብርማ ቀለም ይቀቡት፤ አለበለዚያ ብርሃኑ በስሱ ፕላስቲክ አልፎ ኮፈኑ ሁሉ ይበራል። መስታወቱን ግን እባክዎ በሱፐር ግሉ አያጣብቁ፤ ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ እኔም አንድ ጥንድ መብራት በዚህ አጥቻለሁ። ነጩ የእንጨት ኮላ ሲደርቅ ጥርት ስለሚል እሱ ይበቃል።

ለአንቴናው የተበጠሰ የክራር ሽቦ ይጠቀሙ፤ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት በ24 ሲባዛ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ለእውነተኛው ይቀርባል።