ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ጎንበስ ብሎ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል የግብርና መምህርት ነኝ። ግማሹ ተማሪዬ የከተማ ልጅ ነው። ግማሹ ከገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰብ እያመላለሰ የሚማር ነው። የከተማዎቹ ትምህርቱን ንቀውታል። የገጠሮቹ ደግሞ የገበሬ ልጅ መባልን ፈርተው ትንፍሽ አይሉም። ቴክኖሎጂና ኅብረተሰብ የሚለው ርዕስ ላይ ስደርስ ትራክተር፣ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር እያልኩ ዘርዝሬ እወጣለሁ። ደብተሩ ይሞላል፤ የሚጠይቅ ግን የለም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ግብርና ሳስተምር እኔም ለዓመታት ስዘረዝር ነው የኖርኩት። ያስቆመኝ አንድ ተማሪ ነው።

ጤፍ በመስመር ይዘራ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ጥቅሙን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ዘር ይቆጥባል፤ ለአረም ይመቻል፤ ሰብሉ ቶሎ አይጋሽብም፣ ማለትም ተንጋዶ መሬት ላይ አይተኛም። ሁሉም እውነት ነው። ከደራ የመጣ፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኛ አምና በመስመር ዘርተናል። አባቴ መስመሩን በእንጨት እየጫረ አወጣ። ዘሩን የጨመርነው እናቴ፣ እህቶቼና እኔ ነን። እናቴ ወገቧን ይዛ ሳምንት ተኛች። ዘንድሮ ወደ ብተናው ተመልሰናል» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምለው አጣሁ። ሰሌዳው ላይ የወገብ ነገር አልጻፍኩማ።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተዋል እንላለን። አንድ ሄክታር 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። 500 መስመር ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሜትር። ድምሩ 50 ኪሎ ሜትር! ከባሕር ዳር ተነስተሽ ወረታ ልትደርሺ ጥቂት ሲቀርሽ ማለት ነው። ያን ሁሉ መንገድ በክረምት ጭቃ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ ጤፍ በጣትሽ እያንጠባጠብሽ።

ይህን ስሌት ግን ለልጆቹ አትንገሪያቸው። ራሳቸው ያውጡት። ሲያገኙት ፊታቸውን እዪው።

ቀጥሎ ዘሩን አስቆጥሪያቸው። ከኬሚስትሪ ክፍል ሚዛን ተዋሺ። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 ፍሬ ይይዛል። በሄክታር 25 ኪሎ ሲበተን በአንድ ካሬ ሜትር 7,500 ፍሬ ይወድቃል። በመስመር 5 ኪሎ ከተዘራ 1,500 ብቻ። ያን ሁሉ ቡቃያ በአንድ ካሬ ሜትር ሲያስቡት፣ ባለሙያው ዘር ቀንሱ የሚለው ከመሬት ተነስቶ እንዳልሆነ ይገባቸዋል። የደራው ልጅም እውነት አለው፤ ባለሙያውም እውነት አለው። ክፍሉ መከራከር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አታቋርጫቸው።

ከዚያ ግቢ ውስጥ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች አዘጋጂ። ለብተናው 10 ግራም፣ ለመስመሩ 2 ግራም በቂ ነው። አንዱ ልጅ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። ጤፍ የሚዘራው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ይህ አለመገጣጠም ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። እናንተ ጥቅምት ላይ ዝሩና ውሃ አጠጡ።

ብተናውን የገጠሮቹ ልጆች ያሳዩ። አደራ! የከተማ ልጅ ሲበትን ጤፉን አንድ ቦታ ይከምረዋል። የገበሬ ልጅ ግን እፍኙን ጨብጦ፣ ከእርምጃው ጋር እጁን እያወናጨፈ፣ በጣቶቹ መሃል ያሾልከዋል። መሬቱ ላይ እኩል ያርፋል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ የከተማ ልጅ «አሳየኝ» ማለቱ አይቀርም። ዝም የሚሉብሽ ልጆች አፍ የሚፈቱት ያኔ ነው።

ጤፉ ሲያልቅ ወደ ሩዝ እለፊ። ፎገራ ቅርብሽ ነው። ሩዝ እዚያ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተስፋፋ። ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ እህል አበቀለ፣ ብዙ ቤት ገንዘብ ገባ። ግን ያው ሜዳ የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ከዚያ አካባቢ የመጡ ልጆች ካሉሽ፣ አያቶቻቸው ስንት ከብት እንደነበራቸው ጠይቀው ይምጡ።

የደራው ልጅ በሳምንቱ ምን ይዞ እንደመጣ ልንገርሽ። የውሃ ሃይላንድ ነው። ክዳኑን በምስማር በስቶታል። ቀጥ ብሎ እየሄደ ዘሩን ወደ መስመሩ ያንጠባጥባል፤ ጎንበስ የለም። ክዳኑ እርጥበት ሲነካው ይደፈን ስለነበር ሦስት ጊዜ ቀየረው። የመጨረሻውን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።