ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ነገር ነው የታወሰኝ። «ባለቤቴና ወንድሙ የከፈቱት ፒኤልሲ ዕዳ ውስጥ ገብቷል፣ አበዳሪዎቹ መኖሪያ ቤታችንን ይወስዱብናል ወይ?» ነው ያልሽው። ፒኤልሲ ማለት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ዕዳ ስለሆነ ብቻ አይወስዱም። ቤታችሁ በዋናነት የሚነካው ባለቤትሽ ወይም አንቺ በግል የፈረማችሁት ነገር ካለ ነው።

እኔና የአጎቴ ልጅ እዚሁ አዳማ ፌሮና ቆርቆሮ የሚያከፋፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነበረን። ስንከስር ቆርቆሮ በዱቤ ያስረከበን ነጋዴ ማኅበሩንም እኔንም ከሰሰ። ውሉም ደረሰኙም በማኅበሩ ስም ስለነበር እኔ ከክሱ ወጣሁ፣ እሱ ከመጋዘን የተረፈውን ብቻ አገኘ። ሰውየው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ባንኩ ግን ሌላ ነው። ከብድር ውሉ ጋር ተያይዞ አንድ የዋስትና ውል ነበር። የማኅበሩ ማኅተም የለበትም፤ የኔ ስም፣ የኔ ፊርማ፣ ከሥሩ የባለቤቴ ፊርማ። «ለፎርማሊቲ ነው» ሲሉን ሳናነብ ፈረምን። «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ይህ ቃል ካለ ባንኩ ማኅበሩን ሳይከስ በቀጥታ ዋሱን መጠየቅ ይችላል። ቤቱ በመያዣ ከተያዘ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጠዋል። እኔ ሐራጁ ሳይደርስ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር የነበረችኝን ቤት ራሴ ሸጬ ከፈልኩ። በሐራጅ ቢሆን በዚያ ዋጋ አትሄድም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ፋይሉን አውጡትና ያንን ወረቀት ፈልጉ። ስታገኙት የገንዘቡን መጠን እዩ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ ነው፤ የኔ ላይ ግን ተጽፏል።

ባለቤትሽ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ቼክ እንዳይፈርም ለምኚው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የወንጀል ጉዳይ ነው፣ የሚታሰረውም ፈራሚው ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም ከማኅበሩ ሂሳብ የሚወጣ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የማኅበሩን ገንዘብ ከግሉ ጋር የቀላቀለ አባል በግሉ የሚጠየቅበትን መንገድ ከፍቷል።

ከላይ በአስተያየቱ «ቤቱን ለባለቤትሽ እናት በስጦታ አዙሩት» ያለሽን ሰው እባክሽ አትስሚው። ከባለገንዘብ ለማሸሽ የተደረገ ስጦታ በፍርድ ቤት ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛው ፊት ባለቤትሽ የሚናገረውን ማን ያምነዋል? ይልቅ ገንዘቡ ጨርሶ ሳያልቅ ጠበቃ ይዛችሁ ባንኩን የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቁ። ያው አዲሱ የንግድ ሕግ ዕዳ ለተጫነው ድርጅት መልሶ የማደራጀት ሥርዓትም አለው፣ ጠበቃውን ስለሱ ጠይቁት። የዋስትና ውሉን ስታገኚ የገንዘብ መጠን ተጽፎበት እንደሆነ እዚሁ ንገሪኝ።