የዓመት ፈቃዴን ቤቴ ተኝቼ ባሳልፈው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ዓመት ያህል ፈቃድ ሳልወጣ ቆይቼ አሁን ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት፣ አንድ ሳምንት ተፈቅዶልኛል። እውነቱን ለመናገር የትም መሄድ አልፈልግም። እስክነቃ መተኛት፣ በረንዳዬ ላይ ቡናዬን ሳልቸኩል መጠጣት፣ ፀሐይ ስትበርድ ወደ ሐይቁ ወርጄ ነፋስ መቀበልና ዓሣ መብላት፣ የጀመርኩትን መጽሐፍ መጨረስ፤ ምኞቴ ይኸው ነው። ቤት የምትረዳኝ ልጅ ስላለች የቤቱ ነገር አያሳስበኝም። አክስቴ ግን ይህን ስትሰማ ተቆጣችኝ። «ፈቃድ ያገኘ ክርስቲያን ገዳም ገብቶ ሱባኤ ይይዛል፣ ይጾማል፣ ይሰግዳል። ዕረፍት በሰማይ ነው፤ ይህ የሥጋ ፈቃድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደስታዬ ጠፋ። ሳምንቱን እንዳሰብኩት ባሳልፈው ኃጢአት ነው? ጸሎቴንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ኃጢአት አይደለም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይንጠለጠል ነው። ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አለ፤ አንቺ እንደ ዋዛ ጥለሽው ያለፍሽው ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ የአክስትሽ ነገር። ሱባኤ ግቢ ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ ሱባኤም የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሀብት ነው። የዓመት ፈቃዳቸውን ቀን በቀን ቆጥበው ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለፍልሰታ የሚያውሉ ሠራተኞችን በየዓመቱ አያለሁ፤ እቀናባቸዋለሁም። ችግሩ ወቅቱ ላይ ነው። አንቺ ፈቃድ ያገኘሽው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን 55 ቀን ካስጾመች በኋላ፣ «አሁን ደግሞ ዕረፉ፤ ጌታ ተነሥቷል» ትላለች። የሚመጣው ዓለም ምሳሌ አድርጋ ነው እነዚህን ቀናት የሰጠችን፤ በዚያ ዓለም ረኃብና ድካም የለምና። ስለዚህ አክስትሽ «ዕረፍት በሰማይ ነው» ሲሉ ልክ ናቸው፤ የሰማዩ ዕረፍት ጥላ ደግሞ በቀን መቁጠሪያችን ላይ የወደቀው አንቺ ፈቃድ በወሰድሽበት ወቅት ላይ ነው። በግንቦት ቤትሽን ዘግተሽ ጾምና ስግደት ብትጀምሪ የበረታሽ ይመስልሻል እንጂ ከሥርዓቱ ጋር እየተጋጨሽ ነው። የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይቀበልሻል፤ አትቸኩዪ።

እንዲያውም እኛ ስለ ዕረፍት ለመከራከር የማናፍር ሕዝብ ነበርን። ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገር ለቀው አርመን ድረስ ተሰድደዋል። ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ ተገፍተው፣ ነገሩ የጸናላቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ከትንሣኤ ዋዜማዋ ቅዳሜ፣ ከቀዳም ስዑር፣ በቀር ዛሬም በሁለቱ ሰንበታት እህል ከመብላት ተከልክለን አንውልም፣ አንሰግድም። በሰማኒያ አሐዱ መጻሕፍት ላይ ሥርዓቷን ያቆመች ቤተ ክርስቲያን ለሥጋ ዕረፍት ይህን ያህል ቦታ ከሰጠች፣ ሥጋን የሚያሳርፍ ሁሉ የሥጋ ፈቃድ ነው ማለት አይቻልም።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። የበኣልን ነቢያት ባሳፈረ ማግስት ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች፤ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ክትክታን ታውቂዋለሽ፤ ጥላው ለአንድ ሰው እንኳ እምብዛም የማይበቃ ቁጥቋጦ ነው። እንግዲህ መልአኩ መጥቶ ምን አለው? እምነትህ ወዴት ሄደ አላለውም፤ ተነሥተህ ስገድም አላለውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፤ ከዚያስ? ተመልሶ ተኛ። ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ መልአክ የቀሰቀሰው ሰው በልቶ ተመልሶ ሲተኛ መልአኩ አልተቆጣውም። ሁለተኛ መጥቶ ዳሰሰው፤ አሁንም የመጀመሪያው ትእዛዝ ብላ የሚል ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰውና የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ያለ ፈቃድ ቁጥር ስትደምሪና ስትቀንሺ የኖርሽ ልጅ፣ አሁን የምትፈልጊው እንጎቻውንና እንቅልፉን ይመስለኛል። ኮሬብሽን ለነሐሴ አቆዪው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ብቻ 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ካጠራቀምሽው ላይ ለፍልሰታ የሚሆን አይጠፋም።

ስለ ስንፍና ብዙ አልናገርም፤ ሁለት ዓመት ፈቃድ ያልወጣ ሰው በስንፍና አይጠረጠርም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በወንጌል «ነፍሴ ሆይ፣ ዕረፊ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደስ ይበልሽ» ያለ ባለጠጋ አለ፤ ጌታ ሰነፍ ብሎታል። ብዙ ሰባኪዎች ጥፋቱን ከመብላቱና ከመጠጣቱ ላይ ያደርጉታል። እኔ ግን ታሪኩን ደጋግሜ ሳየው የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ምሳሌ ውስጥ ከሰውየው በቀር ሌላ ሰው የለም። ከራሱ ጋር ይማከራል፣ ለራሱ ይመልሳል፣ ለነፍሱ ብቻ ዕረፍት ያውጃል። እርሻውን ማን አረሰለት? ምርቱን ማን ወቃለት? ጎተራውን አፍርሶ ሌላ እሠራለሁ ሲል ድንጋዩን የሚሸከመው ማን ነው? አንድም አልተነሣም።

አሁን ወዳልኩሽ ዓረፍተ ነገር መጣን። «ቤት የምትረዳኝ ልጅ ስላለች የቤቱ ነገር አያሳስበኝም» ብለሻል።

አንድ ጊዜ በፋሲካ ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ አንድ ቤት ተጋብዤ ሄድኩ። የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ናት፤ ፈቃድ ላይ ነበረች። «መምህር፣ ዘንድሮ ዕረፍት ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ» አለችኝ። ስለ ሰንበት አወራን፤ ጥሩ ጨዋታ ነበር። አቦሉ መጣ፣ ቶናው መጣ፣ በረካው መጣ፤ በመካከሉ ምሳ ቀረበ፤ ከምሳው በኋላ ለመጡ ሌሎች እንግዶች ደግሞ እንደ አዲስ ቡና ተቆላ። አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከጓዳው በር አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። አንዱን እግሯን አንሥታ የሌላውን ቅልጥም ታሻሽበታለች፤ ከዚያ ትለውጣለች። እጇ እስከ ክርኑ የሊጥ ድርቃሽ ነበረበት። እመቤቲቱ ቤት መዋል ከጀመረች ወዲህ የልጅቷ ሥራ በእጥፍ ጨምሯል፤ ቁርሱ ሁለት ጊዜ፣ ቡናው ሦስት ጊዜ፣ እንግዳው በየሰዓቱ። እኔም ስለ ሰንበት እያስተማርኩ ሦስቱንም ስኒ ጠጣሁ። ነገሩ የታየኝ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት ላይ ነኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዓይኔ ወደ ጓዳ ይሄዳል።

ስለ ሰንበት የተሰጠውን ትእዛዝ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ላይ ፈልገሽ አንብቢው። ዕረፍ የተባለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ወንድ ልጁ፣ ሴት ልጁ፣ ባሪያው፣ ገረዱ፣ በሬው፣ አህያው፣ በደጁ ያለው እንግዳ ሁሉ ተቆጥረዋል። ምክንያቱም ተነግሯል፤ ባሪያህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ። «እንደ አንተ» የምትለዋን ቃል አስምሪባት። ቀጥሎም አንተ ራስህ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል። በዘጸአት 23 ደግሞ የገረዲቱ ልጅና መጻተኛው ትንፋሽ እንዲሰበስቡ ተብሏል፤ የዕብራይስጡ ቃል ከ«ነፍስ» ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ በክርስቲያን ቤት ዕረፍት አለ የሚባለው በዚያ ቤት ከሁሉ ያነሰው ሰው ትንፋሽ ሲሰበስብ ነው። አንቺን 16 ቀን የሰጠሽ አዋጅ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለውን ልጅ በቀጥታ አይመለከታትም፤ እርሷን የሚመለከታት ይህ የኦሪት ቃል ነው፤ አስፈጻሚዋም አንቺ ነሽ።

«ታዲያ እኔ ሥራ ከያዝኩ ምኑን አረፍኩት?» ትዪኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ለሚውል አእምሮ ስኒ ማጠብ ዕረፍት ነው፤ ሞክሪውና ትነግሪኛለሽ። ሽንኩርት መክተፍን ግን አልመክርም፤ እኔ ራሴ አልቻልኩበትም። ወላጆቿ ይርጋለም ወይም ወላይታ ሶዶ ከሆኑ፣ የወር ደመወዟን ሳትነኪ የመኪና መሳፈሪያዋን ጨምረሽ ለሦስት ቀን ስደጃት። መሄድ ካልፈለገች ከሳምንቱ ሁለት ቀን የእርሷ ይሁን፤ ትተኛ፣ ጠጉሯን ትሠራ፣ የማታ ትምህርት ካላት ታንብብ። «ዛሬ ሥራ የለም» ብለሽ ደግሞ «እግረ መንገድሽን ይህችን ብቻ» እንዳትያት፤ ያቺ «ብቻ» ናት ቀኑን የምትበላው። በቀሩት ቀናትም ቡናሽን በረንዳ ላይ ስትጠጪ ስኒው ሁለት ይሁን።

ጸሎትን በተመለከተ ብዙ አታስጨንቂው። የዘወትር ጸሎትሽን አታቋርጪ፤ ውዳሴ ማርያምንም የየዕለቱን ድርሻ ድገሚ፤ ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ ሳምንትሽን ራሱ ይቆጥርልሻል። ዘግይተሽ ከነቃሽ ዘግይተሽ ጸልዪ፤ ሳትጸልዪ ግን ስልክሽን አትክፈቺ። በዕረፍት ሳምንት ጸሎት የሚጠፋው በእንቅልፍ ሳይሆን በስልክ ነው። በዐቢይ ጾም ከቀትር በኋላ የሚገባው የሥራ ቀን ቅዳሴ አሁን በጠዋት ስለሆነ፣ በሥራ ምክንያት ደርሰሽበት የማታውቂውን አንድ የረቡዕ ወይም የሐሙስ ቅዳሴ አስቀድሺ። የሥራ ቀን ቅዳሴ ሰው አይበዛበትም፤ ካህኑ ሲቀድስ የእያንዳንዱ ቃል ድምፅ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ትሰሚያለሽ። የቀረውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁሻል።

ሐይቁንም እንዳትተዪው። ከቅዱስ ገብርኤል ደጅ ተሳልመሽ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ በእግርሽ ሂጂው፤ በባጃጅ ሲሆን ዛፎቹ አይታዩም። አሞራ ገደል ከደረስሽ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹ በረዥም እግራቸው ቆመው አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ተመልከቺ፤ ሸንጎ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ጌታችንም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ከፍም ላይ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ «ኑ፣ ምሳ ብሉ» ያላቸው ከትንሣኤው በኋላ፣ አንቺ ባለሽበት በዚሁ ወቅት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ በበዓለ ሃምሳ አይነሣም። ልጅቷ አብራሽ መምጣት ከወደደች ቆሮሶውን ሁለት አድርገሽ እዘዢ፤ ካልወደደች ግን አታስገድጃት፤ ያንቺ ደስታ ለእርሷ ሥራ ሊሆንባት ይችላል።

አክስትሽን በክርክር ለማሸነፍ አትሞክሪ። ይህን መልስም አታስነብቢያቸው፤ በመምህር ስም የሚመጣ ሙግት ዘመድን ያስቀይማል። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ጥሪያቸው፤ ስለ ፍልሰታው ሱባኤም ምክር ጠይቂያቸው፤ የትኛው ገዳም እንደሚሻል ከእኔ የበለጠ ሳያውቁ አይቀሩም። ቡናውን ግን አንቺ ራስሽ አፍዪው።