ከደሴ በሳይክል ወዴት ልውጣ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ መኪና የማይበዛበት፣ ለዓይንም ደስ የሚል የሳይክል መንገድ የምትፈልጉ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ፣ የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳይክል ከገዛሁ ሦስት ወሬ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። ጓደኞቼ ኮምቦልቻ ወርደን እንመለስ ይሉኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል?

ለጊዜው አትስማቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስትወርድ ሁሉም ጀግና ነው። ጉዱ የሚመጣው ስትመለስ ነው። ፀሐይ አናትህ ላይ፣ ሲኖትራክ ጎንህ፣ ውሃህ አልቆ።

የሌላ አገር ሳይክለኛ ጠዋት ዳገቱን ይወጣል፣ ሲደክመው ወደ ቤቱ ይወርዳል። የእኛ ቤት ግን ላይ ነው። ስለዚህ ከደሴ የሚወጣ ሰው መንገድ ሲያቅድ ከመመለሻው ይጀምር። እኔ ጉልበቴን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ ሁለቱ ለመመለሻ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦሩ ሜዳ ውጣ። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባዱ መኪና የሚበዛው በዋናው በኮምቦልቻና በወልዲያ መስመር ስለሆነ እዚያ ትንሽ ትተነፍሳለህ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት፣ ንጉሥ ምኒልክም የተገኙበት ሜዳ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚስበኝ ግን ታሪኩ ሳይሆን መስከረም ላይ ያለው ነገር ነው። አደይ አበባው ዳር ዳሩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ከሣር ቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። እግርህ እሺ ካለህ ወደ ኩታበር ቀጥል። ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ያስፈራኛል። ፍሬን እንዴት ልያዝ?

መፍራትህ ጥሩ ነው። እኔ ያልፈራሁ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገርህ። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጬ ወረድኩ። መሃል ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። የመኪና መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ለካ የራሴ ነው! አንድ ኩርባ ሳልዞር የኋላ ጎማዬ ጧ አለ። ደግነቱ የኋላው ነው፤ የፊቱ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር። ሳይክሌን እየገፋሁ እስከ ጎሚስታ በእግሬ ወረድኩ። ጎሚስታው ጎማውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ቡና ታፈላበታለህ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬኑ የቸርኬውን ጠርዝ ሲፈትግ ጠርዙ ይግላል። ሳታቋርጥ ከያዝከው የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም። ሙቀቱ ወደ ውስጠኛው ጎማ ይሻገራል፣ አየሩ ይለጠጣል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። መፍትሔው ከኩርባው በፊት፣ ሳይክሉ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ኩርባው ውስጥ ገብተህ የፊት ፍሬን ጨምድደህ አትያዝ፤ ያንሸራትትሃል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመህ እይታውን እይ። ጠርዙም ይበርዳል፣ ፎቶም ታነሳለህ።

ጥያቄ፦ እኛ የኮምቦልቻ ልጆችስ? ወደ ባቲ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሚመስል ያምረናል።

እናንተማ ታድላችኋል! ጠዋት በብርዱ ወደ ደሴ ትወጣላችሁ፣ ደሴ ሻይ ጠጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ትወርዳላችሁ። ችግሩ መንገዱ ፀጥ ያለ አይደለም። እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ፣ ሚኒባሱ ሳይሞቅ ሐረጎን ትጨርሳላችሁ። እዚህ አካባቢ ፀጥታ የሚገኘው ከመንገዱ ይልቅ ከሰዓቱ ነው።

የባቲውን መስመር ግን አልመክርም። በሚሌ በኩል ከጅቡቲ ወደብ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ተሳቢ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ዳር ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባል። ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ሰኞ ከሆነ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው፤ ግመሉም ፍየሉም ሰዉም አስፋልት ላይ ነው። ገበያውን ለማየት በሚኒባስ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ሐይቅ ድረስ መሄድ እፈልጋለሁ። ትመክረኛለህ?

አብሽሪ፣ ሂጂ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው የወልዲያ መንገድ ስለሆነ ግን ብቻሽን አትውጪ፣ ጓደኛ ያዢ። ለወንዶችም የምለው ይህንኑ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ እዚያ ደርሰሽ ቅር እንዳይልሽ ከወዲሁ እወቂው። ዳርቻው ላይ ተቀምጠሽ የተጠበሰ ዓሣ ብትበዪ ግን ማንም አይከለክልሽም። ሲመለሱ ዳገት አለ። በልተሽ ወዲያው አትነሺ፣ ያስመልስሻል። ካልቻልሽም ሳይክሉን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭነሽ ተመለሺ። ነውር የለውም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 60 አልፏል። ቆላ ነው የኖርኩት፣ አሁን ደሴ ልጄ ጋ ነኝ። ትንሽ ዳገት ትንፋሼን ይቆርጠዋል። ልተወው?

አይተዉት፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ያንሳል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ከተማው ውስጥ በእግርዎ ይራመዱ፣ ሰውነት ይለምዳል። ሳይክል ላይ ሲወጡ ቀላሉን ማርሽ ያስገቡና እያወሩ መሄድ የሚችሉበትን ፍጥነት ይያዙ። ወሬው ከተቋረጠ ፈጥነዋል። ደረትዎን የሚይዝዎ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ አቋራጭ ያሳየኛል። ልመነው?

ካርታው መስመሩን ያውቃል፣ ጭቃውን አያውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ዋልካ አፈር ላይ ከገባህ ጎማህ አይዞርም፤ ሳይክሉን አንተ ነህ የምትሸከመው። እኔ ካርታው ላይ ርቀቱን ሳይሆን ከፍታውን አያለሁ። ከዚያ መናኸሪያ ሄጄ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር እጠይቃለሁ። መንገዱ የት እንደተቆፈረ፣ ሰላም መሆኑንም፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሾፌሩ «ሰሞኑን ይቅርብህ» ካለ ይቅር።

ጥያቄ፦ ውሻስ?

ውረድ። ሳይክሉን በአንተና በውሻው መሃል አድርገህ ቀስ ብለህ ተራመድ። የሚያባርረው የሚሮጥ ነገር ነው፤ የሚራመድ ሰው ይሰለቸዋል። ባለቤቱ ደጅ ላይ ካለ ጮክ ብለህ ሰላም በል። እሱ ውሻውን ይጠራል፣ አንዳንዴም ቡና ደርሷል ይልሃል፤ ያኔ የዕለቱ ዕቅድህ አበቃለት።

ጥያቄ፦ የጉጉፍቱን ዳገት ሞክረኸዋል?

አዎ፣ አንዴ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደሴ መጀመሪያ ወደ ገራዶ ትወርዳለህ፣ ከዚያ የማያልቅ ዳገት። ላይ ስደርስ ላቤ ቀዝቅዞ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። አንድ እረኛ አየኝና ምንም ሳይል ጋቢውን ዘረጋልኝ። አሁን ከቦርሳዬ ሹራብ አይጠፋም።