መልስ፦ ቀንዳሙ ሥጋ በል ዳይኖሰር ውቅያኖሱን እንዴት ተሻገረ?

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የአርጀንቲናው ካርኖታውረስና የማዳጋስካሩ ማጁንጋሳውረስ ውቅያኖስ እየለያቸው እንዴት ዘመድ ሆኑ ብለህ ጠይቀሃል። እነሱ አልተሻገሩም፤ የተጓዘው መሬቱ ነው። ሁለቱም የሚመደቡበት የአቤሊሳውረስ ወገን ሲስፋፋ ደቡብ አሜሪካን፣ አፍሪካን፣ ማዳጋስካርንና ሕንድን በአንድነት ይዞ የነበረው ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ገና ተገነጣጥሎ አላለቀም ነበር። ማዳጋስካርና ሕንድ እንኳ የተለያዩት ከ88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሕንድ ውስጥ ራጃሳውረስ፣ ኒጀር ውስጥ ሩጎፕስ የተባሉ ዘመዶቻቸው የተገኙትም ለዚህ ነው።

መልካቸውን ልብ በል፦ አጭርና ከፍ ያለ የራስ ቅል፣ በክንዱ ማነስ ከሚታወቀው ዳይኖሰር ከቲራኖሳውረስ እንኳ የባሰ ትንሽ ክንድ። ካርኖታውረስ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቀንድ ነበረው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ማጁንጋሳውረስ ነው። በገዛ ወገኖቹ አጥንት ላይ ከራሱ ጥርስ ጋር የሚገጥም የንክሻ ምልክት ተገኝቷል! እዚህ ሐረር ሌሊት ጅብ የጋጠውን አጥንት ጠዋት አንስቶ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጭረቱ በጣት ይዳሰሳል።

በድሬዳዋ ዙሪያ ለምን አይፈለግም ላልከው፣ እዚያ ያለው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር በታች የተከማቸ ነው። የየብስ አዳኝ የሚፈልግ ሰው ወንዝ ያከማቸውን አሸዋማ ድንጋይ ቢያስስ ይሻለዋል።