አውሮፕላኑ ሲያርፍ ልነሳ ወይስ ልቀመጥ ላልሽው እህቴ

የኔ እህት፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «የሁለት ዓመት ልጅ ይዤ ከዱባይ ልመጣ ነው፤ አውሮፕላኑ ሳይቆም ሰው እየተነሳ ይጋፋል አሉኝ፤ ልነሳ ወይስ ልቀመጥ?» ነው ያልሽው። ተቀመጪ። እኔ ተነስቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

አንደኛ፣ ጎማው መሬት ነካ ማለት ደረስን ማለት አይደለም። ካረፈ በኋላ እስከ ማቆሚያው እየተነዳ ይሄዳል፣ ድንገት ፍሬን ሊይዝም ይችላል። ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት እስኪጠፋ መቀመጥ ግዴታ ነው። የኛ ሰው ግን የታክሲ አመል አለበት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ውስጥ ቀድመሽ «ወራጅ አለ!» ካላልሽ ፌርማታሽ ያልፋል። ያንኑ አመል ይዘን አውሮፕላን ላይ ወጣን። እዚያ እኮ ሁሉም ወራጅ ነው!

ሁለተኛ፣ ከራስሽ በላይ ያለውን የሻንጣ ማስቀመጫ ዘለሽ አትክፈቺ። በበረራ ላይ ሻንጣው ይንሸራተታል። የእኔው የአንድ ሰውዬ ትከሻ ላይ ነው ያረፈው። ምንም አላለኝም። መነጽሩን አውልቆ ተሰብሮ እንደሆነ አየና መልሶ አደረገው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ስድስት ዓመት ሠርቼ መመለሴ ነው። ወንድሜ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ውጭ ይጠብቀኛል። ገና ሲያርፍ ጭብጨባው እልልታው ቀለጠ፣ እኔም ቀበቶዬን ፈታሁ። ሆስተሷ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተቀመጡ ትላለች፣ ማን ሰምቷት። መስኮቱ ጋ የነበሩ እናት «ልጄ፣ በሩ እኮ ገና አልተከፈተም» አሉኝ። ዘጋኋቸው። ከዚያ አንገቴን ቀልሼ፣ የሰው ቦርሳ ጀርባዬን እየወጋኝ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ።

ደግሞ የቆመው ራቅ ብሎ ስለነበር በደረጃ ወርደን በአውቶቡስ ነበር የምንሄደው። ተሽቀዳድሜ ገባሁና ጥግ ያዝኩ። አውቶቡሱ ሳይሞላ አይነሳ! እኚያ እናት ቀስ ብለው መጨረሻ ገቡ፣ በሩ ጋ ቆሙ፣ ስንደርስ ቀድመውኝ ወረዱ።

ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። ወረፋው ላይ ቦርሳዬን ብከፍት ፓስፖርቴ የለም። ከፊቴ ያለው ወንበር ኪስ ውስጥ ትቼው ወርጃለሁ። ጠይቂ ብለው አንድ ቢሮ ላኩኝ፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። ውስጥ ያለው ሰውዬ ሻዩን እየጠጣ፣ ቀና ሳይል፣ «ጠብቂ» አለኝ። ስንት ሰዓት ብለው «ጠብቂ አልኩሽ እኮ!» ሁለት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ላይ አለቀስኩ። ያገኘችው አውሮፕላኑን የምታጸዳ ልጅ ናት፤ ይዛልኝ መጣች። ገንዘብ ብሰጣት እምቢ አለች። የሻይ ጠጪውን ደሞዝ ለእሷ ባደረጉት።

ውጭ ስወጣ ሹፌሩ ለቆመበት 600 ብር ጨምሮ ጠበቀኝ። ቤት ስደርስ ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሷል።

ሦስተኛ... አዎ፣ ሌላ በረራ የሚያመልጠው ሰው ካለ አሳልፊው፣ እሱ ቢቸኩል እውነት አለው። ሌላው ግን የፊቱ ረድፍ ሲወጣ ነው የኋላው የሚከተለው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ በርሬያለሁ፤ ተቀምጬ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ግፊያውን አያለሁ። ቀድመውኝ የወረዱትን ሻንጣ መረከቢያው ላይ አገኛቸዋለሁ፣ ቀበቶው ገና ባዶውን ይዞራል።

አንቺ ደግሞ ልጅ ይዘሻል። ጡጦውንና ዳይፐሩን ከላይ አትስቀዪ፣ እግርሽ ስር ባለው ቦርሳ ይሁን። የሁለታችሁ ፓስፖርት አንገትሽ ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይሁን፤ ወንበር ኪስ ውስጥ ብስኩት እንኳ አታስቀምጪ። የሚቀበልሽም ሰው ከሹፌሩ ጋር ሲዋዋል የመጠበቂያውን ሒሳብ አብሮ ይቁረጥ፣ በኋላ ክርክር ነው።