«እንደ» ያለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። በከተማችን ወንዝ በደቻቱ መስዬ «ፍቅርሽ ደቻቱ ነው» የሚል ስንኝ ጽፌ ለአዲስ አበባ ጓደኛዬ ባነብለት «የማይነጥፍ ፍቅር ነዋ!» አለኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። «እንደ ደቻቱ ነው» ብል ይቃና ነበር? «እንደ» ያለበትስ ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው?

መልስ፦ ከኋለኛው ልነሣ፤ አይደለም። «እንደነገርኩህ»፣ «እንደደረሰ ደወለ» ሲባል ምንም የሚነጻጸር ነገር የለም። «እንደ አባቱ ሹፌር ነው» ማነጻጸር ነው፤ ዘይቤ ግን አይደለም፤ አባትና ልጅ እውነትም ሹፌሮች ናቸው። «ድሬ እንደ ጅቡቲ ትሞቃለች» የሚለውም የሁለት ከተሞችን ሙቀት ማወዳደር ነው፣ በቴርሞሜትር ይለካል። «ድሬ እንደ ምጣድ ትፋጃለች» ስንል ግን ከተማና ምጣድ ወገናቸው ለየቅል ነው፤ የሚገናኙት በመፋጀት ብቻ ነው። ዘይቤ የሚባለው ይህ ነው። «እንደ» ባየ ቁጥር የሚያሰምር ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እንደ» ሳይኖርም «ምጣድ ትመስላለች»፣ «ምጣድን ታስንቃለች» ይባላል። «እንደ ምጣድ ትመስላለች» ግን ድርብ ነው፤ አንዱ ይበቃል።

ወደ ደቻቱ እንመለስ። «ደቻቱ ነው» ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱን ነገር ሌላው ነው ማለት)፣ «እንደ ደቻቱ ነው» ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል፤ ጓደኛህን ግን ሁለቱም እኩል ያሳስቱታል። ችግሩ ያለው በጋራ ባሕርዩ ላይ ነው፤ በምን እንደሚመሳሰሉ አልነገርከውም። ወንዝ ሲባል እሱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ ይታየዋል። የድሬ ሰው የሚያውቀው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው ድንገት የሚሞላው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ስለዚህ ለአገሬው ቃሉ ፍርሃትም አለበት። (ሐረርም እንዲሁ ነው፤ ሌላ አገር «ጅብ» ለሆዳም ስድብ ነው፤ ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ በእጁ ለሚያበላ ሰው ግን ሌላም ትርጉም ሊሰጥ ይችላል።)

«እንደ» ብትጨምር ደግሞ ምጣኔው ይፈርሳል። «ፍቅርሽ ደቻቱ ነው» ስድስት ቀለም (ሲላብል) ነው፣ ማለትም የወል ቤት (ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ግማሾች የሚከፈል ስንኝ) ግማሽ። «እንደ» ሁለት ቀለም ይጨምርና ስምንት ያደርገዋል። ገጣሚዎች «እንደ»ን የሚጥሉት ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው፤ ሁልጊዜ ለጥልቀት ብለው አይምሰልህ።

መፍትሔው የቀረውን ግማሽ ስንኝ ለጋራ ባሕርዩ መስጠት ነው፤ እሱም ስድስት ቀለም ይሁን፦

ፍቅርሽ ደቻቱ ነው፣ ሰው ሳያስብ ደራሽ

«ደራሽ» ጎርፉንም፣ ድንገት ከች የሚል ሰውንም ይይዛል። ቀጥለህ «ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል» እንዳትል ብቻ፤ ወንዙ ዛፍ ይሆንብሃል።